የቤንጋዚው ዜሮ ለዜሮ

በ1974 ዓ.ም. የካቲት ሊያልቅ ሲል የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ወደ ሊቢያ ሄደ። ጊዜው የኳስ ጊዜ አልነበረም። ሬዲዮው ጠዋትም ማታም የሚያወራው ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፤ ልጇ ኤርትራ የዘመተባት እናት ጎል ገባ አልገባ ብላ አትጠይቅም። «መንግሥቱ» የሚለው ስም በየሰዓቱ ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ሌላኛው መንግሥቱ ነው፣ ሊቀመንበሩ። የእኛው የሚመጣው ዜናው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ስፖርት ሲባል፣ ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ መንግሥቱ ወርቁ።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ስለ መንግሥቱ የማውቀውን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ የሚያወራው ስለ አጥቂው እንጂ ስለ አሰልጣኙ አልነበረም። ስለዚህ ቡድናችን ሊቢያ ላይ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ ሲባል ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። እኔ ያደግሁት መንግሥቱ ባለበት ጎል አይጠፋም እየተባልኩ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከለገሃር ስታዲየም የእግር መንገድ ስለሆነ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደዚያ ይወስደዋል። በኋላ ሚስማር ተራ በተባለው በኩል፣ ፀሐዩን በጋዜጣ እየተከላከለ ያያቸውን ጨዋታዎች እንደ ዳዊት ይደግማቸው ነበር። ከሁሉም የሚደጋግመው ጥር 13 ቀን 1954ን ነው። ዓርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ሚካኤል፣ እሑድ ግብፅ። እሑዱን እንደ ሦስተኛ በዓል ነበር የሚቆጥረው።

ግብፅ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር ስሟ። በኢትዮጵያ ላይ የስምንት ጎል ብድር ነበራት። በ1949 ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስትወጣ እኛ ያለ ጨዋታ ፍጻሜ ደረስን፤ እዚያ አድ ዲባ የሚባል ሰው አራቱንም ጎል ብቻውን አግብቶ 4 ለ 0 ሸኘን። በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0። በ1954 ዋንጫው አዲስ አበባ ሲመጣ የአባቴ ትውልድ የጠበቀው ዋንጫውን ብቻ አልነበረም፤ ብድሩን መመለስ ነበር።

በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ሁለቱን ያገባው መንግሥቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ። ፍጻሜው ላይ በዳዊ የተባለው የግብፅ አጥቂ ሁለት ጊዜ አስቀደማቸው፣ ሁለት ጊዜም አቻ ሆንን። ሁለተኛዋን አቻ በ84ኛው ደቂቃ ያገባው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ተጨመረ። በ101ኛው የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ አገባ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥራ ስድስት ደቂቃዎች አባቴ ሲያወራቸው ከጨዋታው ሁሉ ይረዝማሉ፤ ሰው ሰዓቱን አያይም፣ ዳኛውን ነው የሚያየው። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አራተኛዋን አገባ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቻኖ ሰጡ። መንግሥቱ ከበዳዊ ጋር እኩል ሦስት ሦስት አግብተው የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢዎች ሆኑ።

እቺን አራተኛ ጎል አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲያገባት ኖረ። አንድ ቀን በቀኝ እግር ትገባለች፣ ሌላ ቀን በግራ፤ የፋሲካ ጠጅ ከተጠጣ በቴስታም ገብታ ታውቃለች። «አባባ፣ ባለፈው በግራ ነው ብለኸኝ ነበር» ስለው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ የነበርኩት አንተ?» ይለኛል። ክርክሩ በዚህ ያልቃል፤ እዚያ የነበረው እሱ ነዋ።

ያደግሁበት ሰፈር ሁሉ እንዲህ ነበር። መንግሥቱ ሲነሳ 1954 ይነሳል፣ 1954 ሲነሳ 117ኛው ደቂቃ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ሰውየው ግን በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሰው አይደለም። በአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎች ብቻ 10 ጎል አለው። ሳሙኤል ኤቶ 18፣ ሎራን ፖኩ 14 አላቸው፤ እነሱ የሚጠሩበት ዝርዝር ላይ ዛሬም ስሙ አለ። ከኢትዮጵያውያን የሚቀድመው የለም። ይህን የአሥር ጎል ነገር ያወቅሁት ግን ከትልቅነቴ በኋላ ነው፤ አባቴም የሚያውቀው አይመስለኝም። ለእሱ አንዷ ትበቃው ነበር።

ከዋንጫው በኋላ ያሉት ዓመታት ቁልቁለት ናቸው። በ1956 አክራ ላይ ቱኒዚያን ደግመን 4 ለ 2 ብናሸንፍም ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታ ግብፅ 3 ለ 0 ረታችን። በ1958 ቱኒስ ላይ በቱኒዚያ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1። በ1962 ካርቱም ላይ ሦስቱንም ተሸነፍን፤ በአንዱ ፖኩ ብቻውን አምስት አገባብን። በመካከል ያለው 1960 ግን ሌላ ነው። ውድድሩ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ነበር፤ ዩጋንዳን፣ አይቮሪኮስትንና አልጄሪያን ሦስቱንም አሸንፈን ምድቡን መራን። በግማሽ ፍጻሜ ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈችን፣ ዋንጫውንም ይዛ ሄደች። በእኔ ሚዛን የ1960 ቡድን ከ1954ቱ አያንስም። በ1954 የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል። ይህን አባቴ ፊት ብዬው አላውቅም፣ የማልበት ወኔም አልነበረኝም። አባቴ 1960ን የሚያነሳው ዳኛን ለመርገም ብቻ ነበር።

መንግሥቱ ጫማውን ሰቅሎ አሰልጣኝ ሲሆን የነገሮች መልክ ተለውጧል። ንጉሡ የሉም። ስታዲየሙ የንጉሡን ስም ጥሎ የከተማውን ይዟል። ክለቦቹ የፋብሪካ፣ የጦር ክፍል፣ የፖሊስ፣ የኮርፖሬሽን ናቸው፤ ተጫዋቹ በደመወዝ መዝገብ ላይ ወይ ወዛደር ነው ወይ ወታደር። ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ የጻድቁን ስም ተነጥቆ በቢራ ፋብሪካ ስም ይጫወት ነበር፤ ደጋፊው ግን በሹክሹክታም ቢሆን «ጊዮርጊስ» ማለቱን አልተወም። የ1954 ሰዎች ተበታትነዋል። ሉቻኖ ቫሳሎ፣ እሱም ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጠነ ሰው፣ አገር ጥሎ ጣሊያን ገብቷል፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ እስኪሞት ድረስ ኑሮው እዚያው ሆነ። ይድነቃቸው ተሰማ፣ ለጊዮርጊስ ተጫውቶ፣ አሰልጥኖ፣ በመጨረሻ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። በ1974 አንዱ የአፍሪካን ኳስ ይመራል፣ አንዱ ጣሊያን ተሰዷል፣ መንግሥቱ የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ነው።

ስታዲየም ውስጥ በአሰልጣኝነቱ ከሩቅ አይቼዋለሁ። ፊቱን ለይቼ አይቻለሁ ብል ውሸት ነው፤ እኛ የምንቀመጥበት ቦታ ፊት የሚያሳይ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ትዝ ይለኛል። አንድ አጥቂ በረኛው ፊት ብቻውን ቆሞ ሲስት ከላይ ያለው ሕዝብ፣ ተጫዋቹን ከተሳደበ በኋላ፣ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ «አንተ ግባ!» ብሎ ይጮኻል። ይስቃል። ስድብ አይደለም፣ ፍቅር ነው፤ አሁን ሳስበው ግን እንዴት ያለ ከባድ ፍቅር ነበር! ጎል ማግባትን ከሁሉም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ማግባት የማይችልበት ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያገባ ያየው ሕዝብ ከኋላው ይጮኽበታል። መሀል ሜዳ ወይም በረኛ የነበረ አሰልጣኝ ይህ ዕዳ የለበትም። ማንም «አንተ ግባ» አይለውም።

ሊቢያ። አገሪቱ ለምን ወዳጅ ትባል እንደነበር ለዛሬ ልጆች መንገር ያስፈልግ ይሆናል፤ በነሐሴ 1973 ኢትዮጵያ፣ ሊቢያና ደቡብ የመን የሦስትዮሽ ውል ፈርመው ስለነበር ጋዳፊ በእኛ ሬዲዮ ጓድ ነበሩ። ወዳጅነቱ ዕጣ ማውጫው ላይ አልሠራም። ምድባችን ቤንጋዚ ነው፤ ናይጄሪያ፣ አልጄሪያ፣ ዛምቢያ። ናይጄሪያ የዋንጫው ባለቤት ናት፣ በ1972 ሌጎስ ላይ ያነሳችው። በዚያ ፍጻሜ የተሸነፈችው አልጄሪያ ናት። ዛምቢያ ደግሞ ይህን የሊቢያውን ውድድር ሦስተኛ ሆና ነው የጨረሰችው። ከእነዚህ ሦስቱ መካከል አንዱን ብቻ ማግኘት መከራ ነበር።

ናይጄሪያ 3 ለ 0 አሸነፈችን። ዛምቢያ 1 ለ 0። ይህን የሰማነው ለገሃር አጠገብ ከነበረች አንዲት የልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሬዲዮኑን መርፌና ክር የሚያኖርበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ስፖርት ሲጀምር የስፌት መኪናውን ያቆማል። ከዛምቢያው ውጤት በኋላ መኪናውን መልሶ ሲያስነሳ ምንም አላለም። አባቴ ነው የተናገረው። «መንግሥቱ ቢገባ ኖሮ...» አለና ተወው። መንግሥቱ ያኔ አርባ ዓመት አልፎታል።

ሦስተኛው ጨዋታ ከአልጄሪያ ጋር ነበር፤ ዜሮ ለዜሮ ወጣን። አንድ ነጥብ ይዘን፣ ጎል ሳናገባ፣ የምድቡ መጨረሻ ሆነን ተመለስን። ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ ማንም ለዚያ ዜሮ ዋጋ አልሰጠውም። እኔም አልሰጠሁትም፤ እስከ ሰኔ ድረስ።

በዚያው በ1974፣ ሰኔ ላይ፣ የዓለም ዋንጫ ስፔን ተጀመረ። አልጄሪያ በመጀመሪያ ጨዋታዋ ምዕራብ ጀርመንን ሂሆን ከተማ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ማጀር አገባ፣ ሩመኒገ አቻ አደረገ፣ ቤሉሚ ወዲያው መለሰላቸው። ዓለም ጉድ አለ። ጀርመን የአውሮፓ ሻምፒዮን ናት፣ ያን የዓለም ዋንጫም እስከ ፍጻሜው ሄዳለች። ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ ሁሉም ስለ አልጄሪያ ያወራል፣ የአፍሪካ ኩራት ይባላል፣ እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ይህች ጀርመን ላይ ሁለት ያገባች አገር፣ ከሦስት ወር በፊት ከቢራ ፋብሪካና ከጦር ክፍል የተሰበሰቡ የእኛ ልጆች ላይ አንድ ማግባት አልቻለችም።

አልጄሪያ ቤንጋዚ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፋ ስለነበር ለእኛ ጨዋታ ግድ አልነበራትም የሚል ይኖራል። ይሁን፣ እውነት ነው። ግን ግድ የሌለው ቡድንም ጎል ያገባል፤ ሁለቴ ተሸንፎ፣ መውደቁን አውቆ፣ ሻንጣውን አስሮ ሜዳ የገባ ቡድን ላይ ደግሞ በቀላሉ ያገባል። ሁለቴ የተሸነፈ ቡድን ሦስተኛውን አምስትና ስድስት ሲቆጠርበት ከእኛው ታሪክ ማስረጃ አለ። ያን ቀን አልተቆጠረበትም። ያንን ያደረጉት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ቢሆንም ከሁለት ሽንፈት በኋላ የልጆቹን ልብ አንስቶ ወደ ሜዳ የሚመልሰው አሰልጣኝ ነው። አጥቂ የነበረ ሰው፣ ጎል የሚባለው ነገር ከስሙ የማይለይ ሰው፣ ትልቁን የአሰልጣኝነት ሥራውን የሠራው ጎል በማስከልከል ነው። ይህን የሚያህል ጨዋታ በስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን አላየችም። መሥራች ከሆኑት አገሮች አንዷ፣ በየሁለት ዓመቱ የሌሎችን ጨዋታ በቴሌቪዥን አየች። በዚያ መካከል ተማሪ የነበርን ልጅ አሳደግን፣ ልብስ ሰፊው ቤት ፈረሰ፣ አባቴ ሞተ። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በሰባ ዓመቱ አረፈ። ያን ሰሞን በሬዲዮም በጋዜጣም ስለ እሱ ብዙ ተባለ፣ መልካም መልካሙ። እንደ ልማዱ 117ኛው ደቂቃ መጣ። ሊቢያን ያነሱት ባንድ መስመር ነው፤ «በ1974 ቡድኑን ይዞ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፏል» ተባለ፣ ምን እንዳደረገ ሳይባል።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የያዘው ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር የመጣነው፤ ሁለቷን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። ያን ማታ ከተማው አልተኛም። እኔም ለመኪና ጥሩንባ ያለኝን ጥላቻ ለአንድ ሌሊት ትቼ ስታዲየም ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ።

ለደቡብ አፍሪካው ውድድር ምድቡ ሲወጣ ፈገግ አልኩ። ናይጄሪያ አለች፣ ዛምቢያ አለች፤ በአልጄሪያ ፈንታ ቡርኪናፋሶ ገብታለች። ከዛምቢያ ጋር የተጫወትነው ኔልስፕሩት ላይ ጥር 13 ቀን ነው። ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆቻችን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከየከተማው ተጭነው መጥተው ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አደረጉት። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዛምቢያዎች አስቀደሙ፣ በአሥር ሰው ሆነን በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። 1 ለ 1፣ ከዋንጫው ባለቤት ጋር። አዳነ የጊዮርጊስ ተጫዋች ነው። ከ1968ቱ ውድድር ወዲህ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባችው የመጀመሪያ ጎል ያ ነበር፤ የመንግሥቱ ልጆች ቤንጋዚ ላይ ያጧት ጎል ማለት ነው። በየቴሌቪዥኑ ቀኑ ተነሳ፣ ከ1954ቱ ፍጻሜ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞላው ተባለ፣ አራተኛዋ ጎል እንደገና ገባች። በየትኛው እግር እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0። አንድ ነጥብ። ልክ እንደ ሊቢያው፣ አንድ ነጥብ፣ የምድብ መጨረሻ። ሰውነት ቢሻው ግን ጀግና ነው፣ ይገባዋልም፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በር የከፈተ ሰው ነው። እኔን የሚቆጨኝ ያው አንድ ነጥብ በ1974 ሲመጣ ማንም አለማየቱ ነው። ያኔ የተዘጋ በር የከፈትን አልመሰለንም፤ መግባቱን እንደ ርስት ቆጥረነው ነበር፣ ከስድስት ዓመት በፊት በገዛ አገራችን ተጫውተን ነበርና። ከኋላው ሠላሳ አንድ ዓመት እንደሚዘጋ ብናውቅ ኖሮ ልብስ ሰፊው መኪናውን ለትንሽ ጊዜም ቢሆን እንዳቆመ ያቆየው ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ስለ ጥንት ጨዋታ ስናወራ፣ ፊልሙ ቢገኝ የምትፈልገው የቱን ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁሉም የ1954ን ፍጻሜ ይላሉ። እኔ የቤንጋዚውን ዘጠና ደቂቃ እላለሁ፣ ይስቁብኛል፤ ጎል የሌለበት ጨዋታ ማን ያያል ይላሉ። የማየው ኳሱን አይደለማ። ካሜራው ወደ ወንበሩ ዞር ካለ፣ አልጄሪያዎች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲያጠቁ መንግሥቱ ተነስቶ ይጮኽ እንደነበር ወይስ ቁጭ ብሎ ዝም ይል እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።